ዝቅተኛ ስጋት

«ለእሱ ውሃ እንኳ እንዳትሰጡት!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሐኪሙ በበሩ ሲገባ እያየች።

አክስቷ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። «ተይ ልጄ፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው አይባረርም።»

«ማን ያባርረዋል? ይቀመጥልኝ እንጂ።»

ወንድሟ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልብስ ሰፊዋ እህቱ እስካሁን አላለቀሰችም፤ ካለቀስኩ ቂሜ ከእንባው ጋር ይወጣል ብላ ፈርታለች። በቀሚሷ ኪስ ከሆስፒታል ማህደሩ ጋር የተሰጣት ወረቀት አለ። አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው የሚሰጠው መድኃኒት በአንዳንዱ ሰው ላይ ስኳር ያመጣል፤ ወረቀቱ በማን ላይ እንደሚያመጣ መገመቻ ነው። ከግርጌው በሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ «ዝቅተኛ ስጋት» ይላል። ይህን በሰው ፊት አንብባ ሐኪሙን አንገቱን ካላስደፋችው አንጀቷ አይርስም።

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነበር። ኩላሊቱ ከከዳው በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን የተፈቀደለት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ነው፤ እሱንም በማንኪያ ይቆጥብ ነበር። እህቱ አንዱን ኩላሊቷን ስትሰጠው ውሃ ተፈቀደለት። ትልቅ የቆርቆሮ ኩባያ ገዛ። ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ደግሞ ይጠጣል። ከሽንት ቤት በተመለሰ ቁጥር ቤተሰቦቹ ያጨበጭቡለታል። «የእህቴ ኩላሊት እንደ ራሷ ሥራ ወዳድ ነው፤ እረፍት የሚባል አያውቅም!» ይላቸዋል። ከእንቅልፉ አምስቴ ሲነሳ እንኳ ሳቁ። ጥማቱ ስኳር መሆኑን ያወቁት የሰዓት ብሎን አልታየው ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ አንዲት የእግር ቁስል በቃችው።

ሻዩ ዞሮ ሲያበቃ ተነሳች።

«ዶክተር፣ ይህን ወረቀት ታውቀዋለህ?» «አንተ» ማለቷን ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲህ እነሱም ይወቁት።» ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ዕድሜ፣ ሠላሳ ስድስት። ክብደት፣ ስልሳ አንድ ኪሎ። በቤተሰብ የስኳር በሽታ ያለበት...»

እስከዛሬ ከግርጌው ቃል በቀር ሌላውን አላየችውም ነበር።

«ምን ይላል?» አለች አክስቷ።

«የለም ይላል።»

«እንዴት የለም? እናታችሁ በስኳር አይደል እንዴ እግሯ የተቆረጠው?»

ወረቀቱ በተሞላበት ቀን የሆስፒታሉ ነርስ ስትጠይቃት ወንድሟ የደም ማጠቢያው ማሽን ላይ ተኝቶ ነበር። ጥያቄው የእሷን ኩላሊት አይሆንም ብሎ ለመመለስ የመጣ መሰላት። ሳትተነፍስ «የለም» አለች፤ ከዚያም ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። መልሱ ለወንድሟም ስጋት የሚቆጠር መሆኑን ማን ነገራት?

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ገብቶታል። አሁን አንድ ቃል ቢተነፍስ እሱ ነጻ ይወጣል፣ እሷ ደግሞ መግቢያ ታጣለች። እንዲናገር ጠበቀችው። ተናግሮ ብትጠላው ይቀላት ነበር።

«ወረቀቱን አምኜ ደሙን በየጊዜው ማየት ሲገባኝ አላየሁም» አለ። «እንደሚጠማው ነግሮኝ ነበር። ስለ ኩላሊትዎ ሲቀልድ እኔም አብሬው ሳቅሁ።»

ከጥግ አንድ ሰው «ነፍሰ ገዳይ!» አለ። አክስቷም ጣቷን ቀሰረችበት። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ቀን ሙሉ የተመኘችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ግን ስድቡ የተወረወረው ወደ እሷ መሰላት።

ጓዳ ገባች። የወንድሟን ኩባያ ከመደርደሪያው አውርዳ ውሃ ሞላችና ሐኪሙ ፊት መጥታ ቆመች።

«የለም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ቤቱ እንዲሰማ። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይጠጡ» አለችው።

ይቅር አላለችውም። ራሷንም ይቅር አላለችም። እሱ በሁለት እጁ ኩባያውን ያዘ፤ እሷም አልለቀቀችም። ውሃው በእሷም በእሱም ጣቶች ላይ ፈሰሰ።