የአድማሴ ድርሻ

የአጎቴ የሸህ ኑርሁሴን የደም ምርመራ ቁጥር ወደ ላይ መውጣት የጀመረው ሕክምናው ሦስተኛ ዓመቱን ከያዘ በኋላ ነው።

በሽታው የደም ካንሰር ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ እምብዛም የማይገኝ ዓይነት። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ለተማሪዎቻቸው፣ ለደረሶቹ፣ ቁርኣን ሲያቀሩ ጣፊያቸው አብጦ መቀመጥ ሲያቅታቸው አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። የደም ሐኪሟ ዶክተር ሉሊት ደማቸውን ወደ ውጭ አገር ልካ አስመረመረች። ለየብቻ መሆን የሚገባቸው ሁለት ዘረመሎች ተቆርጠው እርስ በርስ ተጣብቀው ተገኙ። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝና በሥዕል ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸው ግን በራሳቸው መንገድ ገባቸው።

«አንድ ደረሳ ቁርኣኑን አሳስቶ ይቀራል፤ አጠገቡ ያሉት ከሱ እየሰሙ ያንኑ ስህተት ይይዛሉ። ሐኪሟ የሰጠችኝ ክኒን ዝም ያሰኛቸዋል። ምርመራው ደግሞ አሁንም የሚያሳስቱት ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል። ይኸው አይደል?»

ይኸው ነው።

ክኒኑ በእርዳታ የሚመጣ ስለሆነ ያለ ክፍያ ይሰጣቸው ነበር፤ በቀን አራት ፍሬ። ጣፊያቸው ሟሸሸ። ቁጥሩም ከመቶ አንድ እጅ በታች ወረደና ወደ ደረሶቻቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ውጤት ግን ከመቶ ስምንት እጅ ሆነ፤ ቀጣዩ ደግሞ ከዚያ በለጠ። ዶክተር ሉሊት ስልክ ደውላ አስጠራችን።

«ሸህ ኑርሁሴን፣ እንዲህ ከቀጠለ በሽታው ይቸኩላል» አለች። «ከቸኮለ በኋላ መመለስ ይከብደኛል። ወይ በሽታው ጠባዩን ለውጦ ክኒኑን ለምዶታል፣ ወይ ክኒኑ አልበቃውም። ከለመደው ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ እዚህ አላገኝም።»

«አንድም ቀን አላስታጎልኩም፣ ልጄ።»

«በቀን ስንት ይውጣሉ?»

«ሁለት።»

«የሚሰጥዎት እኮ አራት ነው።»

«አዎ፣ አራት ነው። ሁለቱ የአድማሴ ነው።»

ዶክተሯ ወደኔ ዞረች። እኔም ገና መስማቴ ነበር። አድማሴ የግድግዳ ጎረቤታችን ነው፤ ክርስቲያን ገበሬ፣ የአጎቴ አብሮ አደግ። አምና መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ከተመለሰ ወዲህ ትኩሳት እየመጣ እየሄደ አከሳው፤ በግራ በኩል ሆዱ አበጠ።

«ዳስሼዋለሁ» አሉ አጎቴ። «የሱም ጣፊያ ነው። ያው የኔው በሽታ ነው።»

«ደሙ ተመርምሯል?»

«የኔ ተመርምሮ የለም እንዴ?»

ዶክተር ሉሊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ሰደቃ ሆኖ የመጣ ነገር ለብቻ አይበላም። ለዱዓ ተሰብስበን ለወዳጃ የቀረበ ምግብ ጎረቤት እያየ ትበያለሽ?»

«ይሄ ምግብ አይደለም።»

«ሰደቃ ግን ነው።»

አልተቆጣችም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አራቱንም እንዲውጡ ብቻ ነገረቻቸው። አጎቴ እንቢ አሉ። «በእጁ የሰጠሁትን ከአፉ አልነጥቅም። መጀመሪያ እሱን እዪልኝ።»

«ይምጣ» አለች።

መንደር ስንደርስ አድማሴ ጋቢውን ተከናንቦ በራፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «መንግሥት አንድ ለአምስት ተደራጁ ሲል እኛ አንድ ለሁለት ተደራጀን። ይሄም ጥፋት ሆነ? አንተ ሸህ፣ አዲስ አበባ ድረስ የሄድከው ልትከለክለኝ ነው?»

«ላስመረምርህ ነው።»

«ስውጠው እኮ ይሻለኛል።»

ሚስቱ የሻለም ከውስጥ መለሰችለት። «የሚሻልህ ከሸሁ ጋር ስትጫወት ነው። ቀበቶህ ለሆድህ እየጠበበ ግን በየሳምንቱ አዲስ ቀዳዳ የምበሳው እኔ ነኝ።»

አድማሴ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። በመንገድም አጎቴ ሁለት ፍሬ ለራሳቸው፣ ሁለት ፍሬ ለሱ ማካፈላቸውን አላቆሙም። ብለምናቸውም አልሰሙኝም።

ዶክተር ሉሊት መተማ የሚለውን ስትሰማ የአድማሴን ጣት ወግታ አስመረመረች። ካላዛር ነበር፤ በቆላ የአሸዋ ዝንብ የምታስይዘው፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ። የደም ካንሰሩንም አጣራች፤ የተጣበቀ ዘረመል የሚባል ነገር አልተገኘበትም።

«በመርፌ ይድናል» አለች። «ክኒኑ ግን ለዚህ ምንም አይሠራም። የታከመ እየመሰለው ነው የቆየው።»

«ያዘገየሁት እኔ ነኛ?» አሉ አጎቴ።

«አዎ። ግን ደርሰንበታል።»

አድማሴ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይሰማል። «ሸህ፣ በአንድ ሰደቃ ሁለት ሰው ልትገድል ነበር» አለ።

አጎቴ የክኒኑን ብልቃጥ አወጡና አራት ፍሬ መዳፋቸው ላይ ዘረገፉ። አድማሴ እያያቸው አንድ በአንድ ዋጡ። የመጨረሻዋን ሲውጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

አድማሴ መርፌውን ጨርሶ አገሩ ገባ። የአጎቴ ቁጥር መውረዱን ግን ወራት ጠበቅን። ካልወረደ በሽታው ክኒኑን ለምዶታል ማለት ነበር። በመጨረሻ ዶክተር ሉሊት ደወለች፤ ስልኩን ለአጎቴ ሰጠሁ።

«ወርዷል» አለቻቸው። «ዱሮ ከነበረበት ገና አልደረሰም። ግን ክኒኑ ይሠራል።»

«ከናካቴው አይጠፋም?»

«ላይጠፋ ይችላል። እየተቆጠረ ይኖራል።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይቆጠር» አሉ።

በዚያው ሰሞን ከወግዲ በኩል አንድ ሰው በበቅሎ መጣ። ሸህ ኑርሁሴን የጣፊያ ክኒን ያካፍላሉ ሲባል ሰምቷል። ሆዱን ገልጦ አሳያቸው። አጎቴ እጃቸውን ዘረጉና ሳይዳስሱት መልሰው ሰበሰቡ።

«ደምህን አስመርምር» አሉትና ወደኔ ጠቆሙ። «ዑበይዳ ሐኪሟን ያሳይሃል። ክኒን ግን አልሰጥህም።»

ሰውየው ለመሄድ ተነሣ። አጎቴ እራት ሳይበላ እንዳይሄድ ለመኑት፤ እንቢ ብሏቸው በቅሎውን ፈታ። መንገዱ ላይ ደርሼበት የዶክተር ሉሊትን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት። ስመለስ አጎቴ በራፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ተቀበለህ?» አሉኝ።

«ተቀብሏል።»

«ሐኪሟ ዘንድ ይሄዳል ትላለህ?»

አላውቅም አልኳቸው።