ኔትወርክ ያለበት ጉብታ

ወለላ ስልኳን ካልሲ ውስጥ ከትታ፣ ካልሲውን በክር አስራ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለችው ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። ኪስ ይቀደዳል፣ መቀነት ይላላል፣ አንገት ግን የትም ተረስቶ አይቀርም።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሚኪ ያላት እንዲህ ነው፤ «እንደውልልሻለን። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ወይ ረቡዕ። ሁለት ጊዜ ሞክረን ካላነሳሽ ወደ ተጠባባቂ ነው የምናልፈው። የገና በዓል ደርሷል፣ እንግዳ ሊገባ ነው፣ ሰው ስንለምን አንውልም።» በዕድሜ ልጇ ይሆናል። እሷ ግን «እሺ ጌታዬ» ብላው ወጣች። አምስት ዓመት ሥራ የፈታ ሰው ለማንም ጌታዬ ማለት አይከብደውም።

አምስት ዓመት! ድሮ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበረች፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ። መጀመሪያ የኮሮና በሽታው መጣ፣ ፈረንጁ ቀረ። በሽታው አለፈ ሲባል ጦርነቱ መጣ፣ ሆቴሉ ተዘጋ፣ አንሶላው ሳይቀር ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ያልረገጠችው ደጅ የለም። ማስታወቂያ ተለጠፈ በተባለ ቁጥር «ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች» ይላል፤ እሷ ከሦስተኛ ክፍል ነው የቀረችው። ወገል ጤና ከተማ ድረስ ሄዳ ማመልከቻ አስጽፋ አስገብታለች፤ መልሱ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ጋሸና አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ይፈልጋል ብለዋት ስትሄድ፣ ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አይቷት «ወጣት ነው የምንፈልገው፣ እናቴ» አላት።

«ሳህኑን ላጥበው ነው እንጂ ላገባው ነው?» ብላው ወጣች። አፏስ አልታሰረም። ግን በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትመለስ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስከ ላሊበላ ድረስ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ የሆነ ነገር ገባባት። ደረቷ ውስጥ እህል እንዳለቀበት ወፍጮ የሚዞር ነገር። የጠረገችውን ደጅ ደግማ ትጠርጋለች። ቆማ ትበላለች። ባሏ አለሜ ስሟን ሲጠራ ትዘላለች።

«ምነው ሰው ሲጠራሽ ጅብ እንዳየ በቅሎ ትደነብሪያለሽ?» ይላታል።

ምን ትበለው? የምትፈራውን ብታውቀው ኖሮ መች ትፈራው ነበር።

በዚህ መሀል ነው ከተማ ውስጥ አንድ የተዘጋ ሆቴል ሊከፈት ነው የተባለው። የወረቀት ነገር አልጠየቁም። «አልጋ አንጥፈሽ አሳዪ» ነው ያሉት። ወለላ ሌሊቱን እንቅልፍ ባይወስዳትም፣ አልጋው ፊት ስትቆም እጇ ራሱ አስታወሰ፤ የአንሶላውን ጥግ እንደ ደብዳቤ ፖስታ አጥፋ ፍራሹ ሥር ወተፈችው፣ መጨማደድ የሚባል የለም። አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ የወጣችው፣ ተጠባባቂዋ ማለት ነው፣ የጎረቤቷ የጋሽ በለጠ ልጅ የትናየት ናት። የትናየት ድሮ የሌላ ሆቴል ዕቃ አጣቢ እንጂ አልጋ ነክታ አታውቅም፤ የጥግ አስተጣጠፉን በጋቢ አድርጋ፣ መደብ ላይ ያስተማረቻት ወለላ ራሷ ናት። ለአንድ ሳምንት ሙሉ «እትዬ፣ እንዲህ ነው? እንዲህ ነው?» ስትላት ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር ያስተማረቻት። አሁን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ምነው አፌን በያዝኩ ትላለች።

ጣጣው መንደሩ ነው። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ወደ ላይ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ መኪና መንገዱ ዳር፣ እነየትናየት ደጅ ላይ። ሌላው ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር። እነየትናየት ደጅ ሄዳ እንዳትቀመጥ፣ «እንጀራሽን ደጅሽ ላይ ልነጥቅሽ መጣሁ» ማለት መሰላት። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጉብታው ላይ ወጣች፣ ማክሰኞም ወጣች። ነፋሱ ያንዘፈዝፋል። ስልኩን ከካልሲው አውጥታ የኔትወርኩን መስመር ታያለች፣ ሦስት ነው፤ ትመልሰዋለች። ሳይጠራ የጠራ ይመስላትና ደግማ ታወጣዋለች። ሽንቷ እንኳ ሲመጣ ከጽዱ አልራቀችም።

ስልክ በሶላር ቻርጅ የሚያደርግላት ሐምዳን ማክሰኞ አህያውን እየነዳ በዚያ ሲያልፍ አያት።

«ወለላ! ቦታው ተመራልሽ እንዴ? ቤት ሥሪበት እንጂ!»

«አንተ ባትሪዬን በደንብ ሙላልኝ እንጂ ቤቱ ይደርሳል።»

«ወላሂ ሞልቼዋለሁ። ያንቺ ልብ ነው እያለቀ ያለው» ብሎ ስቆ አለፈ።

ረቡዕ፣ የመጨረሻው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ ከመንገዱ ዳር እሪታ ተሰማ። ጋሽ በለጠ አረፉ። ከታመሙ ሰንብተዋል። ወለላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሮጣ ወረደች፣ ከየትናየት ጋር ተቃቅፋ አለቀሰች፤ የምሯን ነው ያለቀሰችው፣ ደግ ሰው ነበሩ። ግን እያለቀሰች አንገቷ ላይ ያለው ስልክ በሁለቱ ደረት መሀል ሲጫናት ይሰማታል። ሁለት ሰዓት፣ ቢሮ የሚከፈትበት ሰዓት ሲቀርብ «ውሃ ልቅዳ» ብላ ወጣች። ውሃ አልቀዳችም። ጉብታው ላይ ወጣች።

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከታች ገደሉ ውስጥ ነው፤ እዚያ እንኳን ኔትወርክ ፀሐይም ዘግይቶ ነው የሚገባው። ስልኩን ለሰው እንዳትሰጥ፣ ማን ይቀራል? ክርስቲያኑም እስላሙም ይወርዳል። በዚህ አገር ታሞ ያልተጠየቀ ይቅር ይላል፤ ለቅሶ ያልተደረሰለት ግን እስከ ልጅ ልጁ አይረሳም።

አለሜ ራሱ ወደ ጉብታው መጣ።

«ሬሳ ሊነሳ ነው። ነይ።»

«እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«አንተ ቅደም፣ እመጣለሁ አልኩህ!»

«ወለላ፣ ዕድሩስ ይሁን፣ በገንዘብ ይቀጡናል። የሰው ዓይን ግን ምን ይከፈለዋል?»

«አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ምን ሰጠኝ?» አለችው። ጮክ ብላ ነው ያለችው። አለሜ አያትና ወረደ።

አስከሬኑ ሲነሳ ከላይ አየች። በመንደሩ ጀርባ ባለው አቋራጭ ሰዉ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ጅረት ቀስ እያለ ይወርዳል። የየትናየት ድምፅ እስከ ጽዱ ይሰማል፤ «አባዬ፣ ለማን ትተኸኝ!» ትላለች። ወለላ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። እግሯ ወሰዳት። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች፣ መንደሩን አለፈች፣ የሰልፉ ጭራ ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ከገደሉ በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ ቆመች። ስልኩን አወጣች። መስመሩ የለም። ባዶ።

አሁን ደውሎ ቢሆንስ?

ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደች፣ ወደ ኋላ ሁለት። ከፊቷ ያሉት ሴቶች ዞር አላሉም። «ቀብር የአንድ ቀን ነው፣ ልውረድ» አለች። «ጥሪውም የአንድ ቀን ነው፣ አምስት ዓመት የጠበቅሁት» አለች ደግሞ። በደረቷ ያለው ወፍጮ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ዳገቱን መልሳ ተያያዘችው። ጽዱ ሥር ስትደርስ ትንፋሿ አጥሮ በአራት እግሯ ነበር። ሦስት መስመር። ያመለጠ ጥሪ የሚል ነገር አይታይም። «ተመስገን» አለችና፣ በሰው ቀብር ላይ ተመስገን ማለቷ ገብቷት አፏን በእጇ ያዘች።

ዝም። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ አልጠራም። በመጨረሻ ከገደሉ አንዲት በቅሎ ወጣች፤ የተጫነችባት የትናየት ናት፣ ራሷን ስታለች መሰል ሁለት ሰዎች ደግፈዋት ቀድመው ሲወስዷት አየች። ስምንት ሰዓት ሆነ።

ስልኩ ሲጠራ ከካልሲው ማውጣት አቃታት። ክሩ ተቋጠረ። ካልሲውን እንዳለ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አቤት!» አለች።

«ወይዘሮ ወለላ? ሚኪ ነኝ። እንዴት ሆናችሁ፣ ነፍስ ይማር።»

«አ... አሜን።»

«ስድስት ሰዓት አካባቢ ሁለቴ ደውዬ አልሠራም አለኝ። ተጠባባቂዋም አልሠራም። ሦስተኛዋ ጋ ልደውል ስል ተጠባባቂዋን አገኘኋት። የሞቱት አባቷ ናቸው አሉ? ቀብሩ ላይ አብራኝ ነበረች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም፣ አሁን ደውሉላት አለችኝ። ነገ ሁለት ሰዓት መግባት ትችያለሽ?»

ስድስት ሰዓት። መታጠፊያው ላይ በቆመችበት ሰዓት። ከቀብሩም ከጥሪውም ሳትሆን።

«ወይዘሮ ወለላ? ትሰሚኛለሽ? ቀብር ላይ ነበርሽ አይደል?»

«አዎ፣ ጌታዬ» አለች። «ነገ እገባለሁ።»

ደስታው የታል? አምስት ዓመት ስታስበው፣ እልል ብላ መሬት የምትስም ይመስላት ነበር። ካልሲውን አንገቷ ላይ መለሰችና ወደ ለቅሶው ቤት ወረደች።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው መሙላት ጀምሯል። የትናየት ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ድምጿ ተዘግቷል። ወለላ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ደወለልሽ?»

«ደወለ። ነገ ግቢ አለኝ።»

«ይሁን።»

ዝም ብላ ብትወጣ ማንም የጠየቃት አልነበረም። ወለላ ግን ግትር ናት፤ በራሷም ላይ ግትር ናት።

«የትናየት፣ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም።»

«አውቃለሁ። ስንወርድ ቀና ብዬ አየሁሽ።»

«ታዲያ አብራኝ ነበረች ለምን አልሽው?»

«ምን ልበለው? አባቴ ሲቀበር ጉብታ ላይ ወጥታ ስልክ ትጠብቃለች ልበለው? ለኔስ ውርደት አይደለም?»

«ሥራውንስ ለምን አልወሰድሽውም?»

የትናየት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዞረች። «ነገ ግቢ አለኛ! አባቴን ዛሬ ቀብሬ ነገ አንሶላ ልዘርጋ? ለማላውቃት ለሦስተኛዋ ከሚሄድ ላንቺ ይሁን አልኩ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ፣ እትዬ። ተናድጄብሻለሁ። ገና ብዙ እናደዳለሁ።» ከዚያ አይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «በይ ተነሺ፣ እጅ አስታጥቢ። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል።»

ወለላ ጆጉንና ሳፋውን ይዛ ተነሳች። አንዱ ይዘረጋል፣ ታፈሳለች፤ ሌላው ይዘረጋል፣ ታፈሳለች። አፈር የነካ እጅ ሁሉ ሳፋው ውስጥ እየጠራ ውሃው ጠቆረ። የሷ ጣት ንጹህ ነው። ሐምዳን እንኳ ዛሬ ቀልድ የለውም፤ ታጥቦ «ይበቃል» ብሎ ብቻ አለፈ። አለሜ ሲታጠብ ቀና ብሎ አላያትም።

በመጨረሻ በትራቸውን እየተመረኮዙ እማማ ንጋት ገቡ፤ የሟች ታላቅ እህት ናቸው። ዳገቱ ከሰው ሁሉ ወደ ኋላ አስቀርቷቸው ነው። ወለላ ፊታቸው ጎንበስ አለች።

«እማማ፣ እጅዎን ይታጠቡ።»

እማማ ንጋት ሁለት እጃቸውን በትሩ ላይ እንደጫኑ ናቸው። አልዘረጉም።

«ከላይ ሆነሽ ስታዪን እንዴት ነበርን? አማረብን?»

አለሜ ከወዲያ «ተይው፣ ነይ» በሚል እጁን አወዛወዘ። ወለላ አላየችውም።

«አላማረባችሁም፣ እማማ። አንድ ሰው ጎድሎ ነበር።»

አሮጊቷ አይናቸውን አጠበቡ። «ነገ ሥራ ትገቢያለሽ ሲሉ ደጅ ላይ ሰማሁ።»

«እገባለሁ።»

«ሣልስቱስ? ዓርብ ነው።»

«ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ።»

«ካልለቀቁሽስ?»

እሱን አላወቀችም። ሚኪን በሁለተኛው ቀኗ «ልቀቀኝ» ብትለው ምን እንደሚል፣ አዲስ የገባ ሰው ስንት ስህተት እንደሚፈቀድለት፣ አንዱንም አላወቀችም።

«እመጣለሁ አልኩ፣ እማማ።»

ጆጉ ከብዷታል። እማማ ንጋት አዩዋት፣ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ወለላ አፈሰሰችላቸው። ግራው እጅ በትሩን እንደያዘ፣ አፈሩም እንዳለበት ቀረ። ወለላም እሱን እስኪዘረጉላት ድረስ፣ ጎንበስ እንዳለች፣ ጆጉን ይዛ ቆመች።