የሚጡ አንሶላ

ሞግዚቷ «ሕፃን ፀሐይ አይንካው» ስትባል ያደገች ናት። ያን ዕለት የሕፃናት መዋያው ክፍል እንደ ምድጃ ሲግልባት፣ የተኛችውን ሚጡን በጋሪዋ አውጥታ ዛፍ ስር አስጠለለቻት። ጥላው ቢሸሽ ብላ የጋሪውን አፍ በስስ አንሶላ ጥርቅም አድርጋ ሸፈነችው። ሌሎቹን ልጆች ውሃ አጠጥታ ተመልሳ አንሶላውን ብትገልጠው ወላፈኑ ፊቷን ገረፋት። ሚጡ አልነቃችም።

«ጨርቁ ነው ሙቀቱን ያፈነባት» አላት ሐኪሙ ለብቻዋ። አሁን ምን ሊረባ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለእናትየው ይህን የሚነግር አንጀት ግን ማንም አላገኘም።

ከቀብሩ በኋላ፣ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው እናት መዋያው ድረስ መጣች። ሞግዚቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እናትየው ከሚጡ ጋር የደረሳትን አንሶላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ይዛላት ነበር።

«ፀሐይ እንዳይነካብኝ የከለልሻት አንቺ ነሽ አሉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሞግዚቷ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን እጇን ዘርግታ አንሶላውን ተቀበለች። ደረቷ ላይ አቀፈችው። የካውያው ሙቀት እጥፋቱ ውስጥ እንደታፈነ ነበር።