የታጠፈው ጣቃ

ከዛሪማ የመጣችው ሴት አረንጓዴውንም ወይን ጠጁንም ጣቃ እንደገና ገለጠቻቸው። ለልጇ ሠርግ የምትለብሰውን መምረጥ አቅቷታል።

"አያ አብዱልጀሊል፣ ግራ ገባኝ። ሁለቱም ሸጋ ናቸው።"

ባለሱቁ አብዱልጀሊል ወይን ጠጁን ወደ ራሳቸው ሳቡና ቀስ ብለው ማጠፍ ጀመሩ። ሴትዮዋ እጇን ጫነችበት።

"ምነው? እሱንማ አያንሡብኝ!"

ልጃቸው ረውዳ ወይን ጠጁን ለክታ ቆረጠችላት። ይህን የአባቷን ዘዴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ገዢ ሲያመነታ አይመክሩም፤ አንዱን ጨርቅ ያጥፉና የገዢውን እጅ ያያሉ።

የእርሷ ምርጫ ግን ባንኮኒ ላይ የሚዘረጋ አልነበረም። ለማስተርስ ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ እዚሁ ጎንደር ነው፤ ከቤት እየተመላለሰች ፊዚክስን በቤተ ሙከራ የምትማረው። ሌላው አዲስ አበባ ነው፤ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ፣ ከወረቀትና ከሒሳብ በቀር መሣሪያ የሌለው። ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ለሁለቱም መልስ መስጠት አለባት። ጠዋት ስትነሣ አዲስ አበባን መርጣ ነበር፤ ቁርስ ላይ ጎንደርን፤ ከአባቷ ጋር ፒያሳ ሱቁ ሲደርሱ ሁለቱንም ፈራች።

እናቷ ኩልሱም፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንዴት ትኖራለች ብለው አኩርፈዋል። ወንድሟ አኒስ ደግሞ "የሰማይ ጥቁር ጉድጓድ ተምረሽ ማን ሊቀጥርሽ ነው? ውሃና ፍሳሽ?" ብሎ አሹፎባታል። ስቃለች፤ አዲስ አበባን የምታስበው ግን ሒሳቡን ወድዳው ይሁን ሱቁን ሸሽታ ለራሷም አልተለየላትም።

ሴትዮዋ እንደወጣች ረውዳ አባቷን ጠየቀች። "አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"የአዲስ አበባውን ተይው። እናትሽም ትረጋጋለች፤ እኔም ሱቁን ብቻዬን አልችለውም።"

ረውዳ ፊታቸውን አየች። እንደ ሁልጊዜው ጸጥ ያለ ነው።

"እንደ ጣቃው እያጠፉት ነው ወይስ የምር እየከለከሉኝ?"

"አስር ደርሷል፤ ሰግጄ ልምጣ" ብለው ወጡ።

ስልኳን አወጣችና ለአዲስ አበባ መጻፍ ጀመረች፤ "ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን..." ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። አዲስ አበባን ስለምትፈልግ ነው የቆመው ወይስ መቆም እንዳለበት ስለምታውቅ? ዘዴውን የሚያውቅ ሰው የራሱን እጅ እንዴት ያምናል? የጻፈችውን አጠፋች። ያንኑ ቃል ለጎንደሩ ጻፈች። ይህኛው ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ሄደ። ላከችው።

አብዱልጀሊል ሲመለሱ ባንኮኒውን ይዛ ቆማ ነበር።

"አባባ፣ የጎንደሩን ለቀቅሁት። ገብቶኛል፤ እጄን ሊያዩ ነበር።"

አባቷ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

"ወላሂ፣ የምሬን ነበር" አሉ።

ደነገጠች። ቢሮው ገና አልተዘጋም፤ ደውላ ተሳስቼ ነው ማለት ትችላለች። ስልኳን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ባንኮኒው ላይ የቀረውን አረንጓዴ ጣቃ ወደ ራሷ ሳበችና ማጠፍ ጀመረች። ቀስ ብላ አጠፈች፤ እንዳትሄድ ይይዙባት እንደሆነ ዓይኗ የአባቷ እጅ ላይ ነበር።

እጃቸው ከጉልበታቸው አልተነሣም።

ስልኩን ሳትነካ ጣቃውን መደርደሪያው ላይ መለሰችው።