ጭቃ ያልነካው ጫማ

የሕዝብን ሀብት እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው ያላየውን «አይቻለሁ» ካለ፣ ከሌባ የሚለየው ሌባ መሸሹ ብቻ ነው፤ የሚቀጣውም በዚያው ቃሉ ነው።

አንድ ኩባንያ በሕዝብ ደን ውስጥ ነዳጅ ይቆፍር ነበር። ከቁፋሮው የሚወጣው ዘይት የተቀላቀለበት ጭቃ የሚጠራቀመው ወፍራም ላስቲክ በሚነጠፍበት ገንዳ ውስጥ ነው። ከገንዳው በታች መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ አለ። ስለዚህም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ገንዳው ሥራ እንዲጀምር ፈቃድ ከመስጠቱ አስቀድሞ ወደ ባዶው ገንዳ ወርዶ፣ የላስቲኩን መጋጠሚያ እየረገጠና በእጁ እየሳበ እንዲፈትሽ ሥርዓቱ ያዛል።

ተቆጣጣሪው ዝናብ ባባራበት ረፋድ መጣ። የደኑ ጠባቂ ታላቅ እህቱ ነበረችና ከኬላው በር ቆማ ጠበቀችው። ከገንዳው ሲመለስ በኩባንያው ሥራ አስኪያጅ መኪና ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር።

«ወርደህ አየኸው?» አለችው።

«አይቻለሁ፣ እትዬ። እንከን የለውም።»

ወደ እግሩ ተመለከተች። «ጫማህ ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል። በዚህ ጭቃ በክንፍ ነው የወረድከው?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «እህትህ እንኳን ጉምሩክ አልተቀጠረች።»

«ዳር ዳሩን አይቼዋለሁ፤ ዳሩ ደህና ከሆነ መሐሉ ምን ይሆናል?» አለ ወንድሟ። «አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝሽ አትለቂም።»

«እማዬ የምትጠጣው ከዚህ ምንጭ ነው። ምን አለ ተመልሰህ ብትወርድ?»

«ምሳ ይጠብቁናል» አለና መስኮቱን ዘጋው።

ላስቲኩ የተነጠፈው በገንዳው ዳር ብቻ ነበር፤ መሐሉ የዝናብ ውሃ የተኛበት ባዶ አፈር ነበር። ፈቃዱ ተሰጥቶ ገንዳው ተሞላ። ክረምቱ ሳይወጣ በምንጩ ላይ ዘይት ተንሳፈፈ፤ በዙሪያው የነበሩት ዛፎችም ቆመው ደረቁ። አሮጊቷ እናት ብክለቱ ሳይታወቅ ከምንጩ ሲጠጡ ከርመው ነበርና ታመው አልጋ ያዙ። ልጃቸው ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። እሳቸው ጀሪካኑን አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በችሎት እህቱ መሰከረች። የወንድሟ ጠበቃ «ከወንድምሽ ጋር ቂም ነበራችሁ?» ቢላት፣

«ቂም የለንም። ጫማውን ግን አይቼዋለሁ» አለች።

ምንጩ እስከ ዛሬ እንደታጠረ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ተቆጣጣሪውም «አይቻለሁ» ሲል በሰጠው ሐሰተኛ ቃል ተከሶ ከሥራው ተሰናበተ፤ አምስት ዓመትም ታሰረ።