ሻሚ የመረጠችው

"ሻሚ፣ እስቲ ያን አዲስ ቆርቆሮ እይው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያበራ" አለ አባቷ ታጁዲን፣ የልጁን ትከሻ ይዞ ወደ ጣሊያኖቹ ካምፕ እያዞራት።

ሻሚ ቀና አላለችም። የሰባት ዓመቷ ልጅ ዓይኗን ከእግሯ ጣት ሳትነቅል ቆመች። እናቷ ዘህራ ከኋላ ሆና ይህን ታያለች።

ዘህራ ድሪቶ ትሠራለች። ድሪቶ ሲባል አፍንጫውን የሚነፋ አይጠፋም፤ የዘህራን ያላየ ይንፋ። ባሏ በመቱ ገበያ ዳር ልብስ ሲሰፋ የሚተርፈውን ብጣሽ ጨርቅ እየሰበሰበች፣ ከሁሩሙ እስከ ቡሬ ያሉ ሙሽሮች የሚመኙትን የአልጋ ልብስ ታወጣበት ነበር። ይህን ሁሉ ጥበብ ከየት ታመጪዋለሽ ሲሏት "ከመንገድ" ትላለች። እውነቷን ነው። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስቱም ከተማውን ይዞራሉ። ቤት ሲመለሱ እያንዳንዳቸው ካዩት አንድ ነገር ይመርጣሉ፤ ዘህራም የተመረጠውን በጨርቅ ትደርተዋለች። የሶር ወንዝ ሰማያዊ ጥብጣብ ይሆናል፤ የተሰጣ በርበሬ ቀይ አራት ማዕዘን ይሆናል። አስቸጋሪዋ መራጭ ሻሚ ነበረች። አንድ ጊዜ "ድመቷ ስታዛጋ" ብላ እናቷን ሳምንቱን ሙሉ ያስጨነቀች ልጅ ናት።

አሁን ያቺ ልጅ አትናገርም። ዶሪ ከተሰቀለ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም።

ዶሪ ከቡሬ ቡና እየጫነ የሚመጣ በቅሎ ነጂ ነበር። በዙረታቸው ላይ ካገኛቸው ሻሚን በቅሎው ላይ አስቀምጦ ገበያውን ያዞራታል። በቡና ጆንያ ውስጥ ለአርበኞች ጥይት አሳልፏል ተባለ። እውነት ይሁን ውሸት የጠየቀ የለም። ባንዶች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዉን ከነልጆቹ ወደ ገበያው ነዱት፤ ዓይኑን የሸፈነ ይገረፋል ተባለ። ዘህራ የልጇን ፊት በነጠላዋ ልትከልል ብትሞክር፣ አንዱ ባንዳ ነጠላውን በጠመንጃው ሰደፍ ገለጠው። ሻሚ አየች። ከዚያ ወዲያ የመቱ ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደየቤቱ ገባ፤ ሲገናኝም ስለ ዝናቡ ያወራል። ትልቅ ሰው ይችልበታል። የልጅ ሆድ ግን ትንሽ ነው።

የዛሬውን ዙረት ያመጣው የጣሊያኖቹ ካፒቴን ነው፤ ዶሪን ያሰቀለው ራሱ። የዘህራን ሙያ ሰምቶ፣ ካምፑን መሃል ላይ አድርጋ ከተማዋን የሚያሳይ የአልጋ ልብስ እንድትሠራለት አዘዘ። ጨርቁንም አስለክቶ ላከ። ስንዝር ከጎደለ ባልሽን እጠይቃለሁ ብሏል ሲል አስተርጓሚው ነገራት። ዘህራም ካምፑን አይቼ ልሥራ ብላ ወጣች። በልቧ ያለው ግን ካምፑ አልነበረም። ምናልባት ሻሚ እንደ ድሮው አንድ ነገር ብትመርጥ ምላሷ ይፈታ ይሆናል ብላ ነው።

ገበያው ውስጥ ማር ሻጯ ዲንቄ አየቻቸው።

"አካም ጅርቱ፣ እትዬ ዘህራ?" አለችና ከቅርጫቷ አንድ ቁራጭ የማር እንጀራ አንስታ ለልጅቷ ዘረጋች። "ኮቱ ሻሚ፣ ነይ ውሰጂ።"

ሻሚ እጇን አልዘረጋችም።

"ሼኹ ዘንድ አልወሰዷትም?" አለች ዲንቄ።

"ወስጃት ነበር። ቁርዓን ቀሩባት።"

"እና ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ፤ አብረውኝ አለቀሱ" አለች ዘህራ።

ዶሪ የተሰቀለበትን ዋርካ እንዳያዩ ታጁዲን በቆዳ ተራ በኩል አዙሮ ወደ ቤት መለሳቸው። ገብተው እንደተቀመጡ፣ እንደ ልማዳቸው ቀድሞ "እኔ ቆርቆሮውን መርጫለሁ" አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ የሚባል አልነበረም።

"እኔ የዲንቄን ማር" አለች ዘህራ። ከዚያ ልጇን ለመጠየቅ ፈራች። ሻሚ ዛሬም ዝም ካለች እናት ሌላ ምንም ብልሃት የላትም። "አንቺስ ሻሚዬ?"

ልጅቷ ቀና አለች።

"በቅሎዋን።"

ድምፅዋ ሻክሯል። ዘህራ ልትጮህ ደርሳ አፏን በእጇ ያዘች።

"የቷን በቅሎ?" አለች ቀስ ብላ።

"የዶሪን። ከዛፉ ሥር ታስራ ነበር። ማንም አልፈታትም። ትጠብቀው ነበር።"

"ልጄ፣ እኛ እኮ የምንመርጠው ዛሬ ያየነውን ነው" አለ ታጁዲን።

"ዛሬም አያታለሁ" አለች ሻሚ።

አባትዬው አንገቱን ደፋ። ዘህራ ግን ወደ ልጇ ጠጋ አለች።

"መልኳ ምን ዓይነት ነበር?"

"ዳማ ናት።"

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጨርቅ ጠፍቶ በቤቱ አንዲት ብጣሽ አልተረፈችም። ያለው የካፒቴኑ ጥቅል ብቻ ነው። በውስጡ ለካምፑ ግንብ የተላከ ዳማ፣ ቀይ ቡናማ ሱፍ አለ። ዘህራ ወደዚያ ስታይ ታጁዲን ገባው።

"እንዳትነኪው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለክቶ ነው የሰጠን። ሰውየውን ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ፣ የሻሚ አባት።"

"የእኔን ኮት ቅደጂው።"

"ኮትዎ ጥቁር ነው።"

"እንግዲያው ነገ ሁሩሙ ወርጄ እፈልጋለሁ።"

"ነገ መልሳ ዝም ብትልስ?"

ዘህራ ጥቅሉን ፈታች። ሱፉን አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችና ወደ ልጇ ዞረች።

"ዶሪንስ የት ላድርገው?"

ሻሚ፣ ይህ ደግሞ ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት እናቷን አየቻት።

"በቅሎው ላይ ነዋ። ተቀምጦ።"

ታጁዲን ተነሣ። በሩን ቀረቀረና ተመልሶ መጣ፤ ተንበርክኮም ጨርቁ እንዳይሸበሸብባት ሁለቱን ጫፍ ወጥሮ ያዘላት። ዘህራ ጉድለቱ ከማይታይበት ከዳር አልጀመረችም። ቢስሚላህ ብላ መቀሱን ከመሃል ሰደደችው።