ከአጎቴ መኪና የወጣው ኮሎ

የአባቴ የጭነት መኪና ሞተር ስድስት ፒስተን በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት የድሮ ሞተር ነው። መንኳኳት ሲያበዛ ጋራዤ አስገብቼ ፈታሁት። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር፣ "እሱን እንዳትጥዪው!" ይለኛል።

"አባዬ፣ ሁሉንም የምናስቀር ከሆነ ለምን ፈታነው?"

ተጨቃጭቀን ተስማማን። ፒስተኖቹና ቀለበቶቻቸው፣ ፋሻዎቹ፣ በአዲስ ይቀየራሉ፤ ቫልቮቹ ደህና ናቸው፣ ይቆያሉ። ያስቸገረን ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋናው ዘንግ፣ ኮሎው ነበር። የቶርኖ ባለሙያው ለካውና ራሱን ነቀነቀ። "ሦስት ጊዜ ተሞርዷል። አሁን ብደግመው ይሰበራል።" ከገበያ ያመጣሁትን አዲሱን ደግሞ አሽከርክሮ አሳየኝ፤ ጠማማ ነው።

"እንግዲህ ደህናው ያለው አንድ ቦታ ነው" አልኩ።

አባቴ ፊቱን አዞረ። ታላቅ ወንድሙም እንደዚሁ ዓይነት መኪና አለው፤ እግሩን ካመመው ወዲህ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሁለቱ ግን ከተኳረፉ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያኔ አጎቴ ዳገት ላይ መኪናው ተበላሽቶበት እጁን ሲያውለበልብ አባቴ አልፎት ሄደ። "አላየሁትም" ብሎ በሰው ፊት ማለ። አጎቴ፣ "ዓይን ለዓይን ተያይተናል" ቢልም ሰው ያመነው አባቴን ነበር።

ብቻዬን ሄድኩ። አጎቴ አገላብጦ ሳመኝ፤ ጉዳዬን ስነግረው ግን፣ "ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ" አለ።

አባቴ ሦስት ቀን አንገራገረ። በአራተኛው ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ መጣና "ነይ እንሂድ" አለኝ።

አጎቴ ከደጃፉ አልተነሳም። አባቴ ቆቡን እያሻሸ ፊቱ ቆመ።

"ወንድምጋሼ፣ ኮሎ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አለ። "ያን ቀን... አይቼህ ነበር። ጭነቱ ረፍዶብኝ፣ ሌላ ሰው ይቆምለታል ብዬ አለፍኩህ። ከዚያ አፈርኩና ዋሸሁ።"

እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። እናቴ እንኳን ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው።

"እኔን ያንገበገበኝ ማለፍህ አይደለም" አለ አጎቴ። "ሰው ሁሉ ውሸታም ሲለኝ ዝም ብለህ ማየትህ ነው።"

"ልክ ነህ" አለ አባቴ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "ሂጂ ፍቺው፣ የኔ ልጅ። ኮሎው የሚያርፍበትን ብሮንዚን ግን አዲስ ግዢ፤ የኔ ተበልቷል።"

የቶርኖ ባለሙያው የአጎቴን ኮሎ ለክቶ አፏጨ፤ አንዴም አልተሞረደም። በሁለት ሳምንት ሞተሩን ገጣጠምኩት። መጀመሪያ ለሙከራ ስንወጣ አጎቴ ጋቢና ውስጥ መሀላችን ተቀምጦ ነበር። አባቴ ገና ማርሽ ሲያስገባ፣ "ቀስ! ክላቹን ቀስ አድርገህ ልቀቅ እንጂ!" ብሎ አጎቴ ጮኸበት።

በአነዳዱ ማንም እንዲገባበት የማይወደው አባቴ፣ "እሺ፣ ወንድምጋሼ" አለና ቀስ አድርጎ ለቀቀ።